የጉበት እንፋሎት

ባለፈው ኅዳር ለአንድ ጉዳይ አምቦ ሄጄ፣ የዘመድ ልጅ የሁለት ዓመት ሕፃኗን ልታስከትብ ስትወጣ አብሬያት ጤና ጣቢያ ተቀመጥኩ። ነርሷ ቀይ፣ ለስላሳ እንክብል አወጣች፤ ጫፉን በመቀስ ቆረጥ አድርጋ ሕፃኗ አፍ ውስጥ ጨመቀችው። ልጅቷ ፊቷን አጨማደደች። ወዲያው ሽታው መጣብኝ። እናትየዋን "ይሸትሻል?" ብላት "ኧረ ምንም" አለችኝ። እኔ ግን አፌን ምራቅ ሞላው፤ ሳላስበውም የነጠላዬን ጫፍ ወደ ከንፈሬ አስጠጋሁ። ይህን ያህል ዘመን የት ተደብቆ እንደቆየ አላውቅም።

ይህን ሽታ መጀመሪያ ሳውቀው ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከተማው በመንግሥት ወረቀት ሀገረ ሕይወት፣ በሰው አፍ አምቦ ነው። ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ባለው ሰፈር ሦስት ሆነን እንኖር ነበር፤ እኔ፣ አምስት ዓመት የሞላው ወንድሜ ቶሎሳ እና የአባቴ ታላቅ እህት። የአባት እህት በኦሮምኛ አዳዳ ትባላለች፤ እኛ ሌላ ስም ያላትም አይመስለን ነበር። እናታችን ቶሎሳን ከወለደች በኋላ ብዙ አልቆየችም። አባታችን የእርሻ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር፤ በዚያ ዓመት ከነመኪናው ለግዳጅ ወደ ሰሜን ተላከ። ግዳጅ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ትልልቅ ሰዎች ስሙን ሲያነሡ ድምፃቸውን ዝቅ ስለሚያደርጉ፣ አባቴን የሚያሳፍር በሽታ የያዘው መስሎኝ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ "አዲስ አበባ ነው" እል ነበር።

በጥር ኩፍኝ ወጣብኝ። በእኛ ሰፈር ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ብርሃን አያይም። አዳዳ የጓዳውን መስኮት በብርድ ልብስ ጋረደችው፤ በሩ ላይ ጋቢ ሰቀለችና እዚያ አስተኛችኝ። ሥጋ አይሆናትም፣ ወተት አይሆናትም፣ ቅቤማ ጭራሽ አይነሣ ተባለ። ደረቅ ቂጣና ውሃ የመሰለ ሽሮ እየበላሁ ስንት ቀን እንደተኛሁ እንጃ፤ እዚያ ውስጥ ቀኑም ሌሊቱም አንድ ነበር። ቶሎሳ በጋቢው ስር አጮልቆ "ሞትሽ?" ይለኛል። "ገና ነኝ" እለዋለሁ። ሽፍታው ሲደርቅ ብርድ ልብሱ ተነሣ፤ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝና አለቀስኩ። ጎረቤቱ ሁሉ "ተረፈች!" ብሎ እልል አለ። እኔም የተረፍኩ መሰለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ሁዳዴ ገባ። ሰባት ዓመት ያለፈው ልጅ ይጾማል። እኔም ባለፉት ሁለት ዓመታት ጾሜያለሁ፤ ያው አዳዳ ዞር ስትል ከቶሎሳ ወተት እየተጎነጨሁ ነው እንጂ። የዚያ ዓመቱ ግን የዋዛ አልነበረም። በመጀመሪያው እሑድ አዳዳ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተንበረከከችና፣ ሰው ሰማኝ አልሰማኝ ሳትል፣ "ወንድሜን በደህና መልስልኝ እንጂ፣ ይህን ሁዳዴ አንዲት ቀን ሳላጓድል እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ" ብላ ተሳለች። አጠገቧ ነበርኩ። እኔም በልቤ ያንኑ ተሳልኩ፤ ዘጠኝ ሰዓቱን ብቻ ወደ ስድስት ዝቅ አደረግኩት። ስለት ለሰው ከተነገረ አይሠራም ሲሉ ሰምቼ ስለነበር ለማንም አልተነፈስኩም።

በዚያው ሰሞን ከአባቴ ደብዳቤ መጣ። አዳዳ ማንበብ አትችልም፤ እኔም ለአባቴ የእጅ ጽሑፍ ገና ነበርኩ። ያነበበልን ጎረቤታችን ኦቦ ለሜሳ ነው። ኦቦ ለሜሳ የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ነበር፤ በማግስቱ ለክትባት ወደ ሸነን ሊወጣ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ አገኘነውና ቆሞ አነበበው። ከሰላምታውና ከናፍቆቱ በኋላ አንድ ነገር ነበር፤ "ማታ ማታ የመኪናውን መብራት አጥፍተን ነው የምንነዳው። መንገዱ ገደል ነው፤ በግምት ነው የምንሄደው። ጸልዩልኝ" ይላል። አዳዳ "ምናለ ማብራት?" አለች። ኦቦ ለሜሳ ወረቀቱን አጥፎ መለሰላት። እኔም ለምን እንደሚያጠፉት አልገባኝም። መብራት ያለው መኪና በጨለማ መንዳት የሞኝ ሥራ መሰለኝ፤ አባቴ ደግሞ ሞኝ አልነበረም።

ዓይኔ መቼ እንደጀመረው በትክክል አላውቅም። ቀን ቀን መርፌ አይጠፋኝም፤ ለአዳዳ ክር የማስገባላት እኔ ነበርኩ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ግን ድፍን ይልብኛል። ጓዳው ውስጥ የከረመው ጨለማ ተከትሎኝ የወጣ መሰለኝ። ቆይቼ ደግሞ አይ፣ ይሄ የሁሉም ሰው ነው አልኩ። ሲመሽ ማንም አያይም፤ ትልልቆቹ የማይደናቀፉት ግቢውን በቃላቸው ስለሚያውቁት ነው። ስለዚህ ማጥናት ጀመርኩ። ከደጃፉ እስከ በጎቹ ጋጣ አሥራ አራት እርምጃ፣ እስከ አጥሩ በር ሃያ ሁለት። በሂሳብ ትምህርት ደካማ ብባልም ይህን አሳምሬ ያዝኩት። ችግሩ ሰው ዕቃ ያንቀሳቅሳል። በርጩማው ትናንት ከነበረበት ከተነሣ እኔ በደረቴ መሬት ነኝ።

አንድ ቀን ወደ ቀበሌው ሱቅ ለላምባ ተላክሁ። ስሄድ ፀሐይ ነበረች፤ ሰልፉ ረዘመና ስመለስ መሸብኝ። የሰፈሩን መንገድ ገና አላጠናሁትም ነበር። ቦይ ውስጥ ከነጠርሙሱ ገባሁ። እየዳበስኩ፣ ላምባ ላምባ እየሸተትኩ፣ አጥር ለአጥር ቤት ደረስኩ። አዳዳ ተቆጣች። "ዓይንሽን የት ጥለሽው ነው?" አለችኝ። የት እንደጣልኩት ከልቤ አሰብኩ፤ አልመጣልኝም።

ከዚያ ወዲህ ሲመሽ የቶሎሳን ሸሚዝ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። እሱ ጨዋታ ነው ብሎ "ፈረስ ነኝ" እያለ ይጎትተኛል። በጣም ያስገረመኝ፣ አምስት ዓመቱ ሆኖ ግቢውን ከእኔ ይልቅ በቃሉ ማወቁ ነው። ቀናሁበት። ሲደክመኝ ከዶሮዎቹ ጋር እኩል መተኛት ጀመርኩ፤ አዳዳም ኩፍኙ ያደከማት ናት ብላ ዝም አለችኝ።

የተነቃብኝ በአንድ ኩባያ ውሃ ነው። አመሻሽ ላይ ደጃፍ ተቀምጠን አዳዳ "እንኪ" ብላ ኩባያ ዘረጋችልኝ። እጄን ሰደድኩ፤ ባዶ አየር ያዝኩ። እንደገና ሰደድኩ። አዳዳ ኩባያውን መሬት ስታስቀምጥ ሰማሁ። "ስንት ጣት ነው ያነሣሁት?" አለችኝ። "ሦስት" አልኩ፤ ሦስት ጥሩ ቁጥር መሰለኝ።

"ዋቃዮ፣ አምላኬ! ምንም አላነሣሁም እኮ" አለች። እጆቿ ፊቴን ያዙት። "ዳፍንት ነው። የማታ ዓይንሽ ተወስዷል።"

"ማን ወሰደው?"

"እግዜር ይወቅ።"

እሷ እንዲያው አፏ ላይ የመጣላትን ነው የተናገረችው። እኔ ግን ተኝቼ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ሁሉም ግልጽ ሆነልኝ። እግዜር ከሆነ የወሰደው ለምን ወሰደው? አባቴ ማታ ማታ ያለ መብራት ይነዳል። ያለ መብራት ለመንዳት ሁለት ዓይን አይበቃም፤ አራት ያስፈልጋል። እኔ ስለት ተሳልኩ፤ እግዜርም የማታ ዓይኔን ወስዶ ለአባቴ አዋሰው። እኔ ማታ ዓይን ምን ያደርግልኛል፣ እተኛለሁ እንጂ። በዚያ ሁዳዴ የተረዳሁት አንድ ነገር ይህ ብቻ ነበር፤ እሱም ስሕተት ነበር።

አዳዳ መድኃኒቱን ታውቀዋለች፤ ጉበት። እናቷም የእናቷም እናት ዳፍንትን በጉበት ነው ያዳኑት። በሁዳዴ ግን ጉበት ከየት ይመጣል? ሉካንዳው ተዘግቷል። በሦስተኛው ቀን ከሁለቱ በጎቻችን አንዱ ገደል ገብቶ እግሩ ተሰበረ፤ ጎረቤት ተጠርቶ አረደው። ሥጋው ለፋሲካ ቋንጣ ሆኖ ተሰቀለ። ጉበት ቋንጣ አይሆንም። አዳዳ "እግዜር ነው የሰበረው" አለች፤ በጉ ይህን ቢሰማ ምን ይል እንደነበር እንጃ።

ትንሽ ቆርጣ ጠብሳ አፌ ድረስ አመጣችልኝ። ጥርሴን ነከስኩ። "ሕመምተኛ ይፈቀድለታል፣ ቄሱን ጠይቄያለሁ" አለች። ቄሱ ስለቴን አያውቅም፤ ራሴን ነቀነቅኩ። ለመነችኝ፣ ተቆጣችኝ። "አልገድፍም" ከማለት በቀር አንድ ቃል አልወጣኝም። በመጨረሻ አዳዳ ሳህኑን አስቀመጠች። ያን ማስቀመጧን ዛሬም አስበዋለሁ። ብትይዘኝ ትችል ነበር፤ እጆቿ ጠንካሮች ነበሩ። እሷም የተሳለችው ለዚያው ሰው ነው፤ ምናልባት የእኔ እምቢታ የልቧን አንድ ጥግ ደስ አሰኝቶት ይሆናል። በማግስቱ ለጎረቤት "እንደ መነኩሴ ናት" ስትል ሰማኋት።

መላ ግን አላጣችም። "ሽታ ጾም አያስገድፍም" አለች። የቀረውን ጉበት ሦስት ቦታ ከፈለችው። ሦስት አመሻሽ በተከታታይ አንዱን ቁራጭ በድስት ቀቀለች፤ እኔን በጋቢ ከድና ድስቱ ላይ አጎነበሰችኝና "ዓይንሽን ግለጪ፣ ይግባበት" አለችኝ። እንፋሎቱ ፊቴን አላበው፤ ሽታው እንዳያመልጠኝ ጋቢውን ወደ ራሴ ሳብኩት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሽሮ ሌላ ያልቀመስኩ ልጅ ነኝ። እንፋሎቱ ሲያልቅ ጉበቱ ለቶሎሳ ይሰጣል፤ እሱ ገና አምስት ዓመቱ ነው፣ አይጾምም። ጨው ነስንሶ፣ ጣቱን እየላሰ ይበላል። የእሱ ዓይን ምንም አልሆነም፤ እሱ ይበላል። የእኔ ታመመ፤ እኔ አሸታለሁ። የሚታከመው ማን እንደሆነ ግራ ገባኝ።

አልዳንኩም። እንዲያውም ቀንም ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስለኝ፣ ይደርቅብኝ ጀመር። በሳምንቱ ኦቦ ለሜሳ ከሸነን ተመለሰ፤ አዳዳም በጠዋት እኔንና ቶሎሳን ይዛ ጤና ጣቢያ ደረሰች።

"አካም ጅርቱ፣ እንደምን ናችሁ፣ ምን ሆናችሁ?" አለ። የዓይኔን ሽፋን በአውራ ጣቱ ገልጦ ወደ መስኮቱ አዞረኝ። ፈገግታው ጠፋ።

"ይህችን አየሽ?" አላት አዳዳን። "ነጩ ላይ፣ አረፋ የመሰለች ነጥብ። ድርቀቱ ወደ ጥቁሩ ከተሻገረ ዓይኗ ይፈሳል። የፈሰሰ ዓይን እኔም አልመልሰው፣ አዲስ አበባም አይመልሰው።"

አዳዳ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

"ቫይታሚን ኤ የሚባል ነገር አለ። ሰውነት ጉበት ውስጥ ያጠራቅመዋል። ዓይን በድንግዝግዝ የሚያየው በእሱ ነው፤ ላምባው እንዳለቀ ኩራዝ ማለት ነው። የነበራትን ኩፍኙ በላባት። እናንተ ደግሞ ጓዳ ዘግታችሁ ቂጣ አበላችኋት።"

"እኔ እኮ በጉበት አጥኜያታለሁ፣ ኦቦ ለሜሳ። ሦስት ቀን።"

"አጥኜ ማለት?"

"በእንፋሎቱ። እንዳትገድፍ ብዬ።"

ኦቦ ለሜሳ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እንፋሎቱ ለእሷ። ጉበቱስ?"

"ለእኔ!" አለ ቶሎሳ፣ እጁን አውጥቶ።

ማንም አልሳቀም። ኦቦ ለሜሳ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሰው አክባሪነቱ፣ ነገሩ ያለው በሚበላው ውስጥ እንጂ በእንፋሎቱ እንዳልሆነ ነገራት። ጾሙም ችግር እንዳልነበር፣ ካሮትም ዱባም ጎመንም የጾም መሆናቸውን ነገራት። በበጋ ጎመናችን ደርቋል፤ ካሮት ደግሞ አዳዳ የመንግሥት ሠራተኛ ምግብ እንጂ የእኛ ነው ብላ አስባው አታውቅም። "እሱን ወደፊት አብሏት" አላት። "ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። ይህች ነጥብ አትጠብቅም።" ከመሳቢያው ሁለት እንክብል አወጣ። አንዱ አሁን፣ አንዱ ነገ፤ ሦስተኛውን ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥታችሁ ውሰዱ አለ።

"ከምንድን ነው የሚሠራው?" አልኩት።

ኦቦ ለሜሳ ሕፃንን ማስተማር የሚወድ ሰው ነበር፤ ጥፋቱም ይኸው ነው። "ከዓሣ ጉበት ዘይት" አለኝ ደስ ብሎት።

እንደገና ጉበት! ምንም ቢሆን በሁሉም በር ጉበት ይዘው ይመጣሉ። ጫፉን ቆርጦ አፌ ውስጥ ጨመቀው። አልታገልኩም። ከምላሴ ስር ያዝኩት፤ ያረጀ ዘይት፣ የዓሣ፣ የብረት ሽታ። ደጅ እንደወጣን የነጠላዬን ጫፍ አፌ ላይ አድርጌ ተፋሁት።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ አዳዳ ቆመች። ነጠላዬ ላይ ቢጫ ቅባት ተንጣሏል። ጫፉን ይዛ አሸተተችው። ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ መታወር ትፈልጊያለሽ?" አለችኝ። ድምፅዋ ቁጣ የለውም፤ ያ ነው የጣለኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስለቱን፣ ደብዳቤውን፣ መብራት የሌለውን መኪና፣ የተዋሰውን ዓይኔን። "ከዳንኩ አባዬ ገደል ይገባል" አልኳት። ስለቴን መናገሬ ራሱ አሁን ይገድለው ይሆን ብዬ አፌን በእጄ ያዝኩ።

አዳዳ ተነሣች። እጄን ይዛ ቤት ድረስ ሄደች፤ ቶሎሳ ከኋላችን ድንጋይ እየመታ።

ቤት እንደገባን ቅቤ ያለበትን ማሰሮ ከመደቡ ላይ አወረደች። ለፋሲካ የተቀመጠ ነው፤ አፉ በጨርቅ ታስሯል። ጨርቁን ፈታችው። ገና ረፋድ ነው፤ አዳዳ ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። በሦስት ጣቷ ዛቀች። ምን ልታደርግ እንደሆነ አልገባኝም፤ ራሴን ልትቀባኝ መስሎኝ አጎነበስኩ። "ቀና በዪ፤ እዪኝ" አለች። ቅቤውን አፏ ውስጥ ከተተችው። ዋጠችው። እንደገና ዛቀች፤ እንደገና ዋጠች። ከንፈሯ ያብረቀርቃል፤ ጉሮሮዋ ሲወርድ ሲወጣ አያለሁ። ቶሎሳ ጮኾ "አዳዳ ገደፈች!" አለ።

"አዎ ገደፍኩ" አለች። "ስለቱን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። እግዜር የሚጠይቀው ካለ እኔን ይጠይቅ። ያባትሽ ዓይን ደግሞ የራሱ ነው፤ ከእናቴ ሆድ ይዞት ነው የወጣው። አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ ዓይኑን አውቀዋለሁ። ካንቺ የተዋሰው የለም።"

ለነገ የተባለውን እንክብል ከመቀነቷ ፈታች። ጫፉን በጥርሷ ቆረጠችው።

"አሁን አፍሽን ክፈቺ።"

ከፈትኩ። ዋጥኩ። ከዚያ ቅቤም በቂጣ አበላችኝ፤ እያለቀስኩ በላሁ፤ ጣፈጠኝ፤ ስለጣፈጠኝ ደግሞ የባሰ አለቀስኩ። በማግስቱ ኦቦ ለሜሳ ጋ ሄዳ እውነቱን ነግራው ሌላ እንክብል አመጣች።

አባቴ መመለሱን ልንገራችሁ፤ ክረምቱ ሲወጣ ትንሽ ከስቶ፣ ከነሁለት ዓይኑ መጣ። ስለቱ ከፈረሰ በምን ተመለሰ? ያኔ ይህን ማንንም መጠየቅ ፈርቼ ነበር፤ እስከ ዛሬም አልጠየቅኩም። ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን እሱ ከመምጣቱ ብዙ በፊት፣ እንክብሉን በዋጥኩ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የሆነውን ነው።

ፀሐይዋ ጠልቃለች። ግቢው ውስጥ ቆሜ ድፍኑ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፤ እርምጃ ልቆጥር ተዘጋጅቻለሁ። አልመጣም። አጥሩ ቦታው ላይ ነው። የቀረችው በጋችን ቦታዋ ላይ ናት፤ ግራጫ ሆና ትታየኛለች። ዶሮዎቹ ወደ ቆጣቸው ሲወጡ አየሁ። ጮኼ ለአዳዳ ልነግራት ዞር አልኩ።

ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። በየማታው እዚያ እንደምትቀመጥ አውቃለሁ፤ ከዚያ ሆና "ቀስ በዪ"፣ "ቶሎሳ እጇን ያዝ" ስትለኝ ድምፅዋን ሰምቻለሁ፤ የረጋ ድምፅ ነው። አሁን ፊቷ ታየኝ። ወደ መንገዱ እያየች እንባዋ በሁለቱም ጉንጮቿ ይወርዳል፤ አትጠርገውም። ከንፈሯ አይንቀሳቀስም። "ቶሎሳ፣ ዶሮዎቹን ዝጋ" አለች፤ ድምፅዋ ያው የረጋው ድምፅ ነው።

ቅቤውን ስለበላች መሰለኝ። በእኔ ምክንያት መሰለኝ። መንገሬን ትቼ ቶሎሳን በሸሚዙ ጎትቼ ጥግ ወሰድኩት።

"አዳዳ ዛሬ ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?" አልኩት በሹክሹክታ።

ቶሎሳ ገርሞት አየኝ።

"የአባዬ ደብዳቤ ከመጣ ጀምሮ ሁልጊዜ ማታ ታለቅሳለች እኮ" አለኝ። "አንቺ ፊት ለፊት ነው የምታለቅሰው።"